ውስኪ፦ ይጣፍጣል ወይስ ይለመዳል?

ውስኪ ከእህል ተጠንስሶ፣ ተነጥሮ፣ በእንጨት በርሜል የሚቆይ መጠጥ ነው። የስኮትላንዱ በኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት ይቆያል፤ አልኮሉም ከ40 በመቶ አያንስም። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ ሰው ፊቱን ቢያጨማድድ አይፈረድበትም። አልኮል አፍ ውስጥ የሚቀሰቅሰው ሚጥሚጣ የሚቀሰቅሰውን ያንኑ ነርቭ ነውና «ያቃጥላል» ያለ ሰው አልተሳሳተም። ግን ሚጥሚጣንስ በመጀመሪያው ቀን የወደደ ማን አለ? የጌሾ ምሬትም የሚወደደው በልምድ ነው።

ከማቃጠሉ ጀርባ ጣዕም አለ። የአሜሪካው ቦርበን ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ ነው፤ ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ በርሜል ስለሚቆይ ቫኒላ ቫኒላ ይላል። በስኮትላንዷ የአይላ ደሴት ደግሞ ብቅሉን ብዙ ጊዜ የሚያጥኑት ከረግረግ ተቆርጦ በደረቀ አፈር ጭስ ነው። አንዱ «ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል» ብሎ ይገፋዋል፤ ሌላው ከእሱ በቀር አይጠጣም። በወይራ ከታጠነ ጋን ጠላ የጠጣ ሰው መቼም ጭስ አያስደነግጠውም።

በሠርግ ጠረጴዛ ላይ ጠርሙሱ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ለክብር ነው። የተጻፈበት 12 ወይም 18 ግን የሚናገረው በውስጡ ካለው ውስኪ የትንሹን ዕድሜ እንጂ ጣዕሙን አይደለም። ለመለየት የምትፈልጉ ጥቂት ጠብታ ውኃ ጨምሩበት፤ ማቃጠሉ በረድ ሲል መዓዛው ይወጣል። ከዚያ ርካሹንና ውዱን ስማቸው ሳይታይ ቅመሱ።