የእናት ቋንቋና የመጀመሪያው የንባብ መጽሐፍ

ሕፃን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ባዶ እጁን አይገባም። ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ የሰማውን ተረት፥ ከእኩዮቹ ጋራ «እንቆቅልሽ»፥ «ምን አውቅልህ» እየተባባለ የፈታውን ምስጢር፥ ከአያቱ የተቀበለውን ምሳሌ ይዞ ይገባል። ይህ ሁሉ ጨዋታ ቢመስልም አንደበት የሚፈታበት፥ አሳብ የሚያያዝበት፥ ማድመጥና መመለስ የሚለመድበት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው። አስተማሪው ይህን ሀብት ተቀብሎ በላዩ ይገነባበታል፤ ያለዚያም ልጁን «ያመጣኸውን ከደጅ ጥለህ ግባ» ያለው ያህል ይሆናል።

በጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ሕፃኑ ፊደል ቈጥሮ ወደ ንባብ ይሻገርና ዳዊት ይደግም ነበር። የሚያነበው በግዕዝ ስለ ነበረ ድምፁን አጥርቶ ቢያውቅም ወደ ትርጓሜው የሚደርሰው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ሥርዓቱ ጆሮንና የማስታወስን ኃይል አሠልጥኖ ታላላቅ ሊቃውንትን አፍርቷል፤ ነገር ግን ሕፃኑ በቤቱ የሚናገረው ቃል በመጽሐፉ ገጽ ላይ አይገኝም ነበር።

ይህን ጉድለት በኦሮምኛ በኩል ለመሙላት ከደከሙት መካከል ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በግንባር ይጠቀሳሉ። ሁለቱም በባርነት ተይዘው የነበሩ ናቸው። ኦኔሲሞስ ምፅዋ ላይ ነፃ ወጡ፤ አስቴርንም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1886 የኢጣሊያ መርከብ ነፃ አወጣቸውና በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደ ነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ኦኔሲሞስ ገና በልጅነታቸው ከአገራቸው ስለ ተለዩ የአስቴር የቋንቋ ዕውቀት እጅግ አስፈለጋቸው። አስቴርም በልጅነታቸው የሰሟቸውን ዘፈኖች፥ ተረቶችና ምሳሌዎች ከትውስታቸው እያወጡ ጻፉ። በ1894 «ጀልቀባ በርሲሳ» የተባለው የጀማሪዎች ማስተማሪያ በግዕዝ ፊደል እዚያው ታተመ። በኋላም፥ በ1904፥ ወደ ወለጋ ተመልሰው ማስተማር ጀመሩ። ባርነት ቤትንና ዘመድን ነሥቷቸው ሳለ ከእናት የሰሙት ቃል ግን አልጠፋም ነበር፤ ለሌሎች ልጆች የመጀመሪያ ንባብ ሆነ።

የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሄዱበት መንገድ ሌላ ነበር። በ1908 በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የውጭ ቋንቋዎች ትልቅ ስፍራ ያዙ፤ ከ1941 በኋላም እንግሊዝኛ በማስተማሪያነት ገነነ። በ1963 በወጣው ሥርዓተ ትምህርት ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ማስተማሪያው አማርኛ እንዲሆን ተደረገ። ይህም አማርኛ በቤቱ ለሚነገርለት ልጅ ታላቅ እፎይታ ሆነ፤ ሌላ ቋንቋ ለሚናገረው ልጅ ግን የትምህርት ቤቱ ደጅ እንደ ቀድሞው የዝምታ ደጅ ነበር። በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ። በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋዎች እንዲሰጥ ወሰነ።

ይሁን እንጂ ዐዋጅና መጽሐፍ ብቻቸውን አንደበት አይፈቱም። አስተማሪው ቃል እየሰጠ ሕፃናቱ በኅብረት እየደገሙ ብቻ ቀኑ ካለፈ፥ የእናት ቋንቋም ቢሆን እንደ ባዕድ ቋንቋ ይሆናል። ልጁ «ላም» ሲል አስተማሪው «አዎን፥ ላሟ ውሃ እየጠጣች ነው፤ ከዚያስ ወዴት የምትሄድ ይመስልሃል?» ብሎ ቢመልስለትና መልሱን ታግሦ ቢጠብቅ፥ አንዲቱ ቃል ዐረፍተ ነገር ትሆናለች፤ ዐረፍተ ነገሩም ወግ ይሆናል። የሚንተባተበውን አለመቸኰል፥ ዝም የሚለውን በተረት ማነሣሣት፥ ሌላ ቋንቋ ይዞ የመጣውን አለማሳፈር የአስተማሪ ግዴታ ነው። ሁለተኛው ቋንቋም በጽኑ የሚቆመው በመጀመሪያው ላይ ተደግፎ ነው።

አስቴር ጋኖ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የተነሡት በልጅነታቸው የሰሙትን በማስታወስ ነበር። ዛሬም በየክፍሉ የተቀመጡት ሕፃናት እንዲሁ የሰሙት አላቸው፤ የሚቀረው የሚያደምጣቸው አስተማሪ ማግኘት ነው።