የጋን መታጠን፦ ጠላን ከብልሽት የመጠበቅ ጥበብና ታሪኩ

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አገሮች ጠላ ከመጠጥነቱ በላይ የማኅበራዊ ኑሮ ማሰሪያ ሆኖ ኖሯል። ሠርግ፣ ተዝካር፣ ማኅበርና ደቦ ያለ ጠላ የሚታሰቡ አልነበሩም። የእነዚህ ሁሉ ቀን አስቀድሞ የተቈረጠ ስለ ሆነ፣ ለድግስ የተጠነሰሰው ጠላ ሆምጥጦ ወይም ሻግቶ ቢገኝ የሚጠፋው እህሉና ድካሙ ብቻ አይደለም፤ የባለቤቲቱም ስም አብሮ ይጐድፋል። ጠላ ሸጣ ለምታድር ሴትማ የአንድ ጋን መበላሸት የልጆቿን ጉርስ ማጣት ነው። ስለዚህ የጠላ አጠማመቅ ታሪክ የጣዕም ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ ካልታሰበ ብልሽት ጋር የተደረገ የረዥም ዘመን ትግል ታሪክም ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል በየአገሩ ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው። በመጀመሪያ የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ተዘፍዝፎ ብቅል ሲጨመርበት ጥንስስ ይሆናል፤ ቀጥሎ ቂጣው ወይም እንኩሮው ሲገባበት ድፍድፍ ይባላል፤ በመጨረሻም በውሃ ተበጥብጦ ጠላ ይሆናል። በዚህ ሁሉ መካከል እርሾ ለብቻው ተለይቶ አይጨመርም፤ ከብቅሉ፣ ከጌሾውና ከዕቃው ይመጣል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ መልካሙ እርሾ በገባበት በር ጠላውን የሚያሆመጥጡት ደቂቅ ተሐዋስያንም ይገባሉና። ጋኑም የሸክላ ሥራ በመሆኑ፣ ውሃ የሚመጥጠው ገላው የቀደመውን ጠላ ቅሪት ይዞ ይቈያል። በደንብ ያልጸዳ ጋን ያለፈውን ጥፋት ወደሚመጣው ጠላ ያሻግራል።

የዚህ ብልሽት ምክንያት በሳይንስ የተገለጠው በኤውሮፓ በ19ኛው መቶ ዓመት ነው (ዓመታቱ ሁሉ በዚህ ጽሑፍ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ሉዊ ፓስተር በ1871 በለንደን የዊትብሬድን የቢራ ፋብሪካ ጐብኝቶ እርሾውን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ ከእርሾው ጋር የተደባለቁ ባዕዳን ተሐዋስያንን አገኘ። በ1876 ባሳተመው ስለ ቢራ በጻፈው መጽሐፉም፣ የቢራ በሽታ ከእነዚህ ባዕዳን የሚመጣ መሆኑን አስረዳ። ይሁን እንጂ በዴንማርክ በካርልስበርግ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ኤሚል ክርስቲያን ሐንሰን ጠላቱ ባክቴሪያ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከራሱ ከእርሾ ወገንም ቢራን የሚያበላሹ የዱር ዘሮች እንዳሉ አሳየ። በ1883ም ከአንዲት ሕዋስ ብቻ የተባዛ ንጹሕ እርሾ ለፋብሪካው ሥራ እንዲውል አደረገ። የፋብሪካው ባለቤት ያኮብ ክርስቲያን ያኮብሰን ዘዴውን በምስጢር ሳይይዝ ለሌሎች ጠማቂዎች እንዲዳረስ ፈቀደ።

ከዚህ ዕውቀት ተነሥቶ የኢትዮጵያን የጠላ ሥራ ለሚመለከት ሰው፣ ልማድ ብቻ መስሎ የሚታየው ነገር በአራት ረድፍ የቆመ መከላከያ ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያው ማጠብ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል እየታሸ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ቅጠሉም ከሸክላው ላይ የተጣበቀውን ቅሪት ይፍቃል። ሁለተኛው ማጠን ነው። የታጠበው ጋን በወይራ እንጨት ጭስ ይታጠናል። ይህ ለመዓዛ ብቻ የሚደረግ ይመስላል፤ ነገር ግን ጭስ ተሐዋስያንን የሚያዳክሙ ፌኖልን የመሰሉ ነገሮች ያሉበት ከመሆኑም በላይ፣ ውሃና እጅ ወደማይደርሱበት የሸክላው ቀዳዳ ይዘልቃል። ሦስተኛው ጌሾ ነው። ጌሾ፣ በኤውሮፓ ቢራ ውስጥ እንዳለው ሆፕስ፣ ምሬትን ከመስጠቱ ጋር አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ይገታል። አራተኛው የጋኑን አፍ መግጠምና መምረግ ነው። አልኮልን ወደ ሆምጣጤነት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ያለ አየር ሥራቸውን መሥራት አይችሉም፤ የተመረገ ጋን ዋና መሣሪያቸውን ይነሣቸዋል። «ሆመጠጠ» የሚለው ግሥና «ሆምጣጤ» የሚለው ስም ከአንድ ሥር የወጡ መሆናቸው፣ ቋንቋው ራሱ የብልሽቱን ዓይነት ለይቶ እንዳወቀ ያስረዳል።

በሁለቱ መንገዶች መካከል ግን ትልቅ ልዩነት አለ። ሐንሰን የፈለገው ከአንድ ዘር በቀር ሌላ ያልገባበትን ንጽሕና ነው። የጠላ ጠማቂዋ ግን ባዕድን ሁሉ ልታስወጣ አልተነሣችም፤ ቀላል ኮምጣጣነትን የሚሰጡት ባክቴሪያዎች ከጠላው ጠባይ የሚቈጠሩ ናቸውና። የእርሷ ጥበብ ሚዛንን መጠበቅ ነው፤ ወዳጁ እንዲበረታ፣ ጠላቱ እንዲዘገይ ማድረግ። ሆምጣጤ የሆነው አልኮል ተመልሶ አልኮል ስለማይሆን፣ ብልሃቱ ሁሉ የዋለው ከፈውሱ ይልቅ በመከላከሉ ላይ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ዕውቀቱ በተላለፈበት መንገድ ላይ ነው። የካርልስበርግ ግኝት በመጽሔት ታትሞ በዓለም ተሰራጨ፤ የግራዋውና የወይራው ዕውቀት ግን ከእናት ወደ ልጅ በሥራ ብቻ ተላለፈ። በ1922 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ ሲቋቋም፣ ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ከተማ ጐረቤት ሆኑ፤ አንዱ ግን የሊቃውንት ሥራ ሲባል ሌላው የጓዳ ልማድ ተብሎ ቀረ።

ይህ አጠራር ያስከተለው ጉዳት ዛሬ ይታያል። በከተሞች የፕላስቲክ በርሜል የጋንን ቦታ እየወሰደ ነው። በርሜል ለማጠብ ይቀላል፤ ነገር ግን ጭስ እንደ ሸክላ አይዘልቀውም፣ ገላው ሲጫርም ቅሪት ይደብቃል። ማጠን ለመዓዛ ብቻ ነው ተብሎ ከታመነ፣ በርሜሉ ሲመጣ ማጠኑ ያለ ምትክ ይቀራል፤ ጠላውም ሲሆመጥጥ ምክንያቱን የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ የጠላን አጠማመቅ የሚመዘግብ ተመራማሪ ምን እንደሚደረግ ብቻ ሳይሆን፣ ያ ሳይደረግ ሲቀር ምን እንደሚደርስ ጭምር ከጠማቂዎቹ ጠይቆ መጻፍ ይገባዋል። የእያንዳንዱ ልማድ ምክንያት የሚታወቀው በዚህ ነውና።