ሥራውን አሳምሮ ሠርቶ ገዢ ያጣው አውሮፕላን

ሜርኩር የተባለው የፈረንሳይ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1995 መንገደኛ ሲያመላልስ ኖሯል። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ተሳፋሪ አልሞተበትም። ያበረሩት ሰዎች ወደውታል። የታዘዘው ግን አሥር ብቻ ነው፤ ያዘዘውም አንድ ኩባንያ።

አንድ የአውሮፕላን ዓይነት ገበያ ሲያጣ አብዛኛው ሰው ቴክኒኩን ይጠረጥራል። በ1954 አየር ላይ የተበታተኑት የእንግሊዝ ኮሜቶች ለዚህ ጥርጣሬ ምክንያት ሰጥተዋል። ሜርኩር ላይ ግን ከቴክኒኩ ይልቅ ሒሳቡን መመርመር ይሻላል።

ባለቤቱ ማርሴል ዳሶ፣ ሚራዥ ተዋጊ ጄቶችን ለብዙ አገር የሸጠ ቱጃር ነው። በአውሮፓ ከተሞች መካከል ያለው በረራ አጭር መሆኑን አየ። ከፓሪስ ማርሴይ 700 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ታዲያ የማይነዳ ነዳጅ የሚይዝ ታንክና እሱን የሚሸከም ከባድ ክንፍ ለምን ይሠራል? ዳሶ 150 ገደማ ሰው የሚጭን፣ ለአጭር ርቀት ብቻ የታሰበ አውሮፕላን ሠራ። ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ ከ2,000 ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም። የፈረንሳይ መንግሥት ከወጪው ከግማሽ በላይ አበደረ፤ የጣሊያን፣ የስፔን፣ የቤልጂየም፣ የስዊዘርላንድና የካናዳ ኩባንያዎችም ድርሻ ያዙ። ገበያው እንደሚመጣ ታምኖ ፋብሪካዎች ተገነቡ።

ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። ችግሩ፣ አየር መንገድ አውሮፕላን የሚገዛው ለዛሬው መስመሩ ብቻ አለመሆኑ ነው። በሥራ ቀን ነጋዴ ያመላለሰው አውሮፕላን በእረፍት ወራት ሽርሽርተኛ ጭኖ ካናሪ ደሴቶች መሄድ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከሰሜን አውሮፓ ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነገ አዲስ መስመር ሊከፈት ይችላል። ሲያረጅም ለሌላ መሸጥ አለበት፤ ከአጭር መስመር የማይወጣን አውሮፕላን ማን ይገዛል? ተዋጊ ጄት የሚገዛ መንግሥት ለአንድ ግዳጅ ልክ የሆነውን ይመርጣል። የዳሶ ዋና ደንበኞች እንዲህ ያሉ መንግሥታት ነበሩ፤ የአየር መንገድን ገበያም በዚያው ዓይን ሳያየው አልቀረም።

በዚያው ሰሞን ቦይንግም 737ን መሸጥ ተቸግሮ ነበር። ያደረገው ግን የዳሶን ተቃራኒ ነው። ነዳጅ ጨመረለት፤ በጠጠር ማኮብኮቢያ እንዲያርፍ የሚያስችል መከላከያ አበጀለት፤ አሥራ ዘጠኙን ለአሜሪካ አየር ኃይል ማሠልጠኛ ሸጠ። ለማንኛውም ሥራ የሚሆን አውሮፕላን አደረገው። ሜርኩር የተገጠመለት ሞተር ደግሞ ያው የ737ቱ ዓይነት አሜሪካ ሠራሽ ነበር፤ በሞተር የሚበልጥበት ነገር አልነበረውም።

ከዚያ ዕድልም ከዳው። ዶላር በመርከሱ የአሜሪካ አውሮፕላን ለአውሮፓውያን ረከሰ፤ በ1973 መጨረሻ ደግሞ የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ አየር መንገዶችም እጃቸውን ሰበሰቡ። ከአገር ውስጥ በረራ ያልወጣው የፈረንሳዩ ኤር አንተር ብቻ ቀረ፤ እሱም በመንግሥት ድጎማ ነው። ምርቱ በ1975 ቆመ። ዳሶ ቆየት ብሎ ከአሜሪካው ማክዶኔል ዳግላስ ጋር የተሻሻለ ሜርኩር ለመሥራት ቢሞክርም አልተሳካለትም።

ከገበያው ውስጥ የ150 ሰው ክፍተት እንዳለ ዳሶ በትክክል አይቶ ነበር። በ1988 ኤርባስ ኤ320 ሥራ ሲጀምር ያንኑ ክፍተት ያዘ፤ ልዩነቱ ሩቅም ቅርብም መብረሩ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ ያው ኤር አንተር ነበር።