ከፍተኛ ትምህርትና የራያ ቆላ

የከፍተኛ ትምህርት ነገር በተነሣ ቁጥር ክርክሩ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንዱ ወገን ጥቂቶች ተመርጠው ጠለቅ ብለው ይማሩ ሲል፣ ሁለተኛው በሩ ለብዙዎች ይከፈት ይላል። የሁለቱም ነገር እውነት አለበት፤ ይሁን እንጂ ክርክሩ ዘወትር ከዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ስለሚጀምር፣ እስከ ደጃፉ የሚያደርሰው መንገድ ይዘነጋል። ስለዚህ እኛ ነገሩን በሰሜን ወሎ ከሚገኙት ከቆቦና ከራያ ቆላ አንጻር ልንመለከተው አስበናል።

የራያ ቆላ ከምዕራብ ከፍተኛ ተራሮች፣ ከምሥራቅ የዞብል ተራራ የሚያዋስኑት ሰፊ ሜዳ ነው። አፈሩ ከተራራው በጎርፍ ተጠርጎ የወረደ ስለ ሆነ ለም ነው፤ ዝናቡ ግን የሚታመን አይደለም። ገበሬው ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ወደ ማሳው መርቶ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። ዝናብ ሲያጥር ሰብሉ ይደርቃል፤ ከዚህም በላይ አቀንጭራ የተባለው አረም በማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን ይመጥበታል። እንዲህ ላለው አገር ዕውቀት ጌጥ ሳይሆን እንጀራ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነበር። በ1954 ዓ.ም. የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ሌሎችም ከርሱ ጋር ተጣምረው፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተመረቀ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም አስተማሪዎች ሆኑ። በዚህም የገጠሩ ልጅ መምህር ሲያገኝ፣ ተማሪውም አገሩን ለማወቅ ቻለ።

በ1964 ዓ.ም. የተዘጋጀው፣ ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ጥናት፣ መሠረታዊ ትምህርት ለብዙኃኑ እንዲዳረስና የላይኛው ደረጃ በልክ እንዲያድግ የሚል ሐሳብ አቀረበ። አሳቡ በጎ ጎን ነበረው። ነገር ግን መምህራንና ወላጆች የድኻው ልጅ ከታች ሊቀር ነው ብለው ሠጉ፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ዕቅዱም ተተወ። በወረቀት ላይ ያማረ ዕቅድ ሁሉ፣ ድኻው በሩ ሲዘጋበት የሚያይበት ከሆነ፣ ጸንቶ ሊቆም እንደማይችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ ወሎ በጽኑ ረኀብ ተመታ፤ የራያና ቆቦ አውራጃም ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው አሳዩ። ተሸሽጎ የነበረውን መከራ መግለጥም የዩኒቨርሲቲ ሥራ መሆኑ ታወቀ።

በዚያው ዓመት ከዓለማያ እርሻ ኮሌጅ አንድ ወጣት ተመረቀ። ይኸውም በወሎንኮሚ በሣር ጎጆ ያደገው፣ ወደ ትምህርት ቤት ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ይጓዝ የነበረው ገቢሳ እጀታ ነው። በኋላ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣቱ በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጠው። ከነዚህ ዝርያዎች አንዱ ጎብዬ ይባላል፤ በወልድያና በቆቦ መካከል ካለችው ከተማ ጋር ስሙ አንድ ነው። አንድ የድኻ ልጅ መንገድ ስላገኘ ጥቅሙ ለሌላው ድኻ ማሳ ተረፈ።

ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቍጥር ከ40 በላይ ሆኗል። ከቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በወልድያም በ2004 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ግን በሰሜኑ ጦርነት ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፤ በዙሪያው ያሉ ትምህርት ቤቶችም ተጎዱ። ጥቂት ቈይቶ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. ፈተናም 5.4 በመቶ ደረሱ። በ2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም ተጀመረ።

ፈተናው እንዲጠብቅ መደረጉን አንነቅፍም፤ ኵረጃ ያሳለፈው ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለማንም አይበጅም። መስተዋት ግን የፊትን እድፍ ያሳያል እንጂ አያጥብም። መጻሕፍቱ የተዘረፉበት ልጅና ቤተ ሙከራ የተሟላለት ልጅ በአንድ ወረቀት ሲፈተኑ፣ የሚለካው የልጁ አእምሮ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤቱም ሀብት ነው።

እንግዲህ ደረጃውን ከፍ ያደረገ ሁሉ ልጁን ከፍ የማድረግ ዕዳ አለበት። ይህም በመጀመሪያ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፣ መጽሐፍና ቤተ ሙከራ በማሟላት ይፈጸማል። ቀጥሎም ዩኒቨርሲቲው፣ በ1957 ዓ.ም. እንደ ተጀመረው ሁሉ፣ ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ቢልክ፣ ጥናቱንም ወደ ጎርፉ፣ ወደ ከርሠ ምድሩ ውኃና ወደ ማሽላው ማሳ ቢያዞር ይገባዋል። የጥራትና የብዛት ክርክር የሚታረቀው ያን ጊዜ ነው። የቆቦ ገበሬ ልጅ በዕውቀቱ ገብቶ፣ በዕውቀቱ ወጥቶ ለቆላው ሲተርፍ፣ ዩኒቨርሲቲውም ለአገር መሠራቱ በሥራው ይታወቃል።