«ከበለጠ»፦ የማነጻጸር ትእዛዝ ታሪክና የአማርኛ ሞክሼ ፊደላት

በአማርኛ የማነጻጸሪያው «ከ» እና የሁኔታው «ከ» በመልክ አንድ ናቸው። «ውጤቱ ከሃምሳ ከበለጠ» ሲባል የመጀመሪያው በስም፣ ሁለተኛው በግስ ላይ ይቀጸላል፤ የማነጻጸሩን ትርጉም የሚሸከመውም ቅጽል ሳይሆን ግሱ ነው። ለጀማሪ ተማሪ የሚቀርበው የፕሮግራም ትእዛዝ በአንጻሩ ለሁኔታው ቃል፣ ለማነጻጸሩ ደግሞ የራሱ ምልክት አለው።

ይህ ግን ከመነሻው የነበረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 ለአይቢኤም 704 የቀረበው ፎርትራን የማነጻጸሪያ ምልክት አልነበረውም። ጸሐፊው አንዱን ቁጥር ከሌላው ቀንሶ፣ ልዩነቱ ከዜሮ ቢያንስ፣ ዜሮ ቢሆን ወይም ከዜሮ ቢበልጥ ማሽኑ የሚሄድባቸውን ሦስት የትእዛዝ ቁጥሮች ይጽፍ ነበር። ማነጻጸር ያን ጊዜ መቀነስ ነበር ማለት ይቻላል። ሮበርት ሬኮርድ በ1557 ለእኩልነት ያወጣው = በፎርትራን ለተለዋዋጭ ዋጋ መስጫ ዋለ። አልጎል 60 ለዚህ ሥራ := ን መድቦ = ን ለማነጻጸር መለሰው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ሲ ደግሞ ነጠላውን ለዋጋ መስጫ፣ ድርቡን == ለማነጻጸር አደረገ፤ በብዛት የሚጻፈው ትእዛዝ አጭሩን ምልክት ይውሰድ በሚል። ጀማሪዎች እስከ ዛሬ የሚሳሳቱት በዚህችው ቁጠባ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ሲነጻጸር ጉዳዩ ይከብዳል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ ለሞክሼ ፊደላት የተለያየ ቁጥር ተሰጣቸው፦ ለሠ 4640፣ ለሰ 4656። ስለዚህ «ሠላም» እና «ሰላም» እኩል መሆናቸውን ለሚጠይቅ ትእዛዝ መልሱ «አይደለም» ነው። በቁጥር ቅደም ተከተል ከተነጻጸሩ ደግሞ «ሰላም» ይበልጣል። ረ በ4648 በመካከል ስለምትገኝ፣ በዚሁ ተራ በተደረደረ የቃላት ዝርዝር በረ የሚጀምሩ ቃላት ሁሉ በሁለቱ አጻጻፎች መካከል ይገባሉ። የቃላት ድግግሞሽ የሚቆጥር ፕሮግራምም አንዱን ቃል ሁለት አድርጎ ይመዘግባል።

የተለመደው መፍትሔ ከማነጻጸር በፊት ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ፊደል መመለስ ነው። ለዘመናዊ አማርኛ ይህ ያስኬዳል። ለግእዝ ግን አያስኬድም፤ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው። የግእዝ ጥቅሶችን ከአማርኛው ጋር ቀላቅሎ በያዘ የጽሑፍ ክምችት ላይ ሞክሼዎቹን በጅምላ መጠቅለል፣ የፀሐይን መውጣት ከስርቆት ጋር አንድ ያደርጋል። ጥቅሉ በማነጻጸሪያው ቅጂ ላይ ብቻ ተከናውኖ የመጀመሪያው አጻጻፍ ሳይነካ መቀመጥ ይኖርበታል፤ አንዴ ከተጠቀለለ በኋላ ሠ የቱ፣ ሰ የቱ እንደነበረ ከጽሑፉ መልሶ ማወቅ አይቻልም።