ዜና ዕረፍቱ ለያዕቆብ

በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አምላክ ስም ጀምረን፣ እስራኤል የተባለው ያዕቆብ በግብፅ ምድር እንዴት እንዳረፈ፣ ልጆቹንም እንዴት እንደ መረቀ እንጽፋለን። ሰው ሁሉ ሲናዘዝ በእጁ ያለውን ያወርሳል፤ ያዕቆብ ግን ገና ያልጨበጠውን ርስት በእምነት አወረሰ። ስለዚህ ዜናው ለአባቶች ትምህርት፣ ለልጆችም ስንቅ ነው።

ያዕቆብ በረሃብ ዘመን ከከነዓን ወደ ግብፅ ሲወርድ ዕድሜው 130 ዓመት ነበረ። በቤርሳቤህም መሥዋዕት ሠዋ። እግዚአብሔር በሌሊት ራእይ ተገልጦ፣ መውረድን እንዳይፈራ፣ ዘሩም በዚያ ታላቅ ሕዝብ እንደሚሆን፣ በሚሞትበትም ጊዜ ልጁ ዮሴፍ በእጁ ዓይኖቹን እንደሚከድንለት ነገረው። አውሬ በላው ብሎ 22 ዓመት ስላለቀሰለት ልጅ ይህን መስማት ምንኛ ታላቅ መጽናናት ነው! ዮሴፍ በወንድሞቹ እጅ ሳይሸጥ 17 ዓመት በአባቱ ቤት አድጎ ነበር፤ ያዕቆብም በጌሤም ምድር 17 ዓመት ኖረ። ልጁን ያሳደገበትን ያህል ዘመን ልጁ ጦረው።

ዕድሜው 147 ዓመት በሆነ ጊዜ ያዕቆብ የሞቱን መቅረብ አውቆ ዮሴፍን አስጠራ። እጁንም ከጭኑ በታች አስደርጎ፣ በግብፅ እንዳይቀብረው፣ ወደ አባቶቹም መቃብር እንዲወስደው አማለው። ፈርዖን ከምድሩ የተሻለውን ስፍራ ሰጥቶት ነበረ፤ የልጁም ሥልጣን በግብፅ ሁሉ ላይ ነበረ። በከነዓን ግን የነበረችው ርስት እጅግ ጥቂት ናት፤ አብርሃም ከኬጢያዊው ከኤፍሮን፣ በከተማው በር በሕዝብ ፊት፣ 400 ሰቅል ብር መዝኖ የገዛት ባለ ሁለት ክፍል ዋሻና፣ ያዕቆብ ራሱ በሴኬም አጠገብ ከኤሞር ልጆች የገዛት የእርሻ ቁራሽ። እርሱም የፈርዖንን ለም መሬት ትቶ ያችን ዋሻ መረጠ። ዮሴፍ በማለለት ጊዜ ያዕቆብ በበትሩ ተደግፎ ለእግዚአብሔር ሰገደ። ከወንድሙ ከዔሳው ሲሸሽ ዮርዳኖስን የተሻገረው በትሩን ብቻ ይዞ ነበርና፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ማን እንደ መገበው አልረሳም።

ከዚህም በኋላ መታመሙ ተሰማ። ዮሴፍም ልጆቹን ምናሴንና ኤፍሬምን ይዞ መጣ፤ ሽማግሌውም ተበረታትቶ በአልጋው ላይ ተቀመጠ። በኤፍራታ መንገድ የቀበራትን የዮሴፍን እናት ራሔልን አነሣ፤ የእርስዋን የልጅ ልጆች እንደ ሮቤልና እንደ ስምዖን ልጆቼ ናቸው ብሎ ተቀበላቸው፤ ዮሴፍም በዚህ የሁለት ነገድ ድርሻ አገኘ። ዮሴፍ በኵሩን ምናሴን በአባቱ ቀኝ፣ ታናሹን ኤፍሬምን በግራው አቆመ። ያዕቆብ ግን እጆቹን አመሳቀለ፤ ቀኙን በታናሹ፣ ግራውን በታላቁ ራስ ላይ ጫነ። ሊቃውንትም ይህን የመስቀል ምሳሌ ይሉታል። ዮሴፍ ተሳስቶ መስሎት የአባቱን እጅ ሊያነሣ ያዘ፤ ያዕቆብ ግን አውቆ እንዳደረገው ነገረው። እርሱ ራሱ የአባቱን የይስሐቅን ዓይን መፍዘዝ አይቶ፣ የዔሳውን ልብስ ለብሶ ምርቃት ወስዶ ነበር። አሁን የእርሱም ዓይን ፈዝዟል፤ ይህ ምርቃት ግን ያለ አንዳች ሽንገላ በግልጥ ተሰጠ።

ወደ ዐሥራ ሁለቱም ልጆች ነገር እንለፍ። ሁሉም በአልጋው ዙሪያ ተሰበሰቡ፤ ለእያንዳንዱም የሚገባውን ተናገረ። ሮቤል የአባቱን መኝታ ስላረከሰ ብኩርናውን አጣ። ስምዖንና ሌዊ በሴኬም ስላፈሰሱት ደም ተገሠጹ፤ አባታቸው ግን ቁጣቸውን ረገመ እንጂ እነርሱን አልረገመም። ልጁን የሚወድ አባት ጥፋቱን አይሸፍንለትም፤ ከጥፋቱ ጋርም አይጥለውም። ይሁዳን በአንበሳ መስሎ የመንግሥት በትር ሰጠው። ይሁዳ ዮሴፍ እንዲሸጥ የመከረ፣ በኋላም ስለ ወንድሙ ስለ ብንያም ባሪያ ልሁን ብሎ ራሱን የሰጠ ነው። የኢትዮጵያ ነገሥታትም «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» እያሉ በማኅተማቸው የጻፉት ከዚህ ምርቃት የተነሣ ነው። ዛብሎንን በባሕር ዳር አኖረው፤ ለይሳኮር ሸክም የሚችል ትከሻን፣ ለአሴር የተትረፈረፈ እንጀራን ተናገረ። ዳንንም በመረቀ ጊዜ ነገሩን አቋርጦ የእግዚአብሔርን ማዳን እንደሚጠባበቅ ተናገረ። ቀስተኞች ያስጨነቁትን ዮሴፍን ግን በሰማይ በረከትና በጥልቅ በረከት አትረፍርፎ መረቀው።

በግእዝ ቋንቋ ብቻ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀልን መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ ይህን ይጨምራል፤ ያዕቆብ የራሱንና የአባቶቹን መጻሕፍት ሁሉ፣ ጠብቆ ለልጆቹ እንዲያድሳቸው፣ ለሌዊ ሰጠው። የተገሠጸው ልጅ የመጻሕፍት ጠባቂ ሆነ።

ከዚህም በኋላ አብርሃምና ሣራ፣ ይስሐቅና ርብቃ፣ ሚስቱ ልያም ወዳሉባት ዋሻ እንዲወስዱት ዳግመኛ አዘዘ፤ እግሮቹን በአልጋው ላይ ሰብስቦም አረፈ። አብርሃም ባረፈ ጊዜ ብላቴናው ያዕቆብ በእቅፉ ተኝቶ እንደ ነበረ፣ ሽማግሌውም የልጁን ሁለት ጣቶች በገዛ ዓይኖቹ ላይ እንዳኖረ ኩፋሌ ይተርካል። ዮሴፍም በአባቱ ፊት ወድቆ አለቀሰ፣ ሳመውም፤ በቤርሳቤህ የተነገረው ተፈጸመ።

ባለ መድኃኒቶች ሬሳውን 40 ቀን በሽቱ አሹት፤ ግብፃውያንም 70 ቀን አለቀሱለት። ሠረገሎችና ፈረሰኞች አጅበውት ሄዱ፤ በአጣድ አውድማ 7 ቀን ታላቅ ልቅሶ ሆነ፤ ልጆቹም በዋሻዋ ቀበሩት። የዮሴፍ ወንድሞች አባታችን ሞቷልና ይበቀለናል ብለው ፈሩ፤ ዮሴፍ ግን አልቅሶ አጽናናቸው፤ እነርሱንና ልጆቻቸውንም መገበ።

ዮሴፍም 110 ዓመት በሆነው ጊዜ እንደ አባቱ አደረገ፤ ዐፅሙን ከግብፅ እንዲያወጡ የእስራኤልን ልጆች አማለ። ሙሴ ዐፅሙን ይዞ ወጣ፤ ሕዝቡም ምድሪቱን ከወረሰ በኋላ ዐፅሙ ያዕቆብ በገዛት በሴኬም እርሻ ተቀበረ። ያዕቆብ በአልጋው ላይ ሆኖ ያወረሰው ርስት እንዲህ እውነት ሆነ፤ እምነቱን ግን ልጆቹ መሬቱን ሳይወርሱ አስቀድመው ወረሱ።

ቤተ ክርስቲያን ነሐሴ 28 ቀን አብርሃምን፣ ይስሐቅንና ያዕቆብን ታስባለች። የአባታችን የያዕቆብ በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።