የምሽት ዜማ ከአምባሰል ተራራ

አንባቢ ሆይ፤ የዕለት ሥራዎን ፈጽመው፣ መዝገቡን ዘግተው፣ ከመሥሪያ ቤት ወጥተው ወደ ቤትዎ በሚያመሩበት ሰዓት፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትቃረብ፣ ልብዎ ለስላሳ ዜማ ፈልጎ ያውቃል? ያ ሰዓት ለጭፈራ የሚሆን አይደለም፤ ለእንቅልፍም ገና ነው። በቀንና በሌሊት መካከል ያለ አጭር ጊዜ ስለ ሆነ ሰው ሐሳቡን የሚሰበስብለትን ዜማ እንጂ የሚበትንበትን አይሻም።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ዓይነቱ የምሽት ዜማ ነው፤ ይልቁንም ተበታትኖ የነበረውን ዜማ ሰብስበው በአንድ ስም ስላኖሩት ሰዎችና ዜማው ስለ በቀለበት አገር ነው። ነገሩን ከአንዲት ሩቅ ደሴት እንጀምርና ወደ ሐይቅና ወደ አምባሰል እንመለሳለን። የዘመኑ ቁጥር ግራ እንዳያጋባ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።

በሜዲቴራኒያን ባሕር ውስጥ፣ በእስጳንያ ግዛት፣ ኢቢዛ የምትባል ደሴት አለች። በዚህች ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ሳን አንቶኒዮ በተባለች ከተማ፣ በ1980 ካፌ ዴል ማር የተባለ ቡና ቤት ተከፈተ፤ ትርጉሙም «የባሕር ቡና ቤት» ማለት ነው። ቤቱ ወደ ምዕራብ የሚመለከት በመሆኑ እንግዶቹ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ጀንበር ወደ ባሕር ስትገባ ያያሉ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሆሴ ፓዲላ የሚባል እስጳንያዊ ሸክላ አጫዋች የጀንበሯን አወራረድ እየተከተለ ረጋ ያሉ ዜማዎችን ያሰማ ነበር። እንግዶቹ ያንን ምሽት ወደ አገራቸው ይዘው መሄድን ስለ ተመኙ ዜማዎቹን በካሴት እየቀዳ ይሸጥ ጀመር። በ1994 ደግሞ የተመረጡት ዜማዎች የመጀመሪያ ስብስብ በቡና ቤቱ ስም ታትሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከሃያ የሚበልጡ ተከታታይ ስብስቦች በዚያው ስም ወጥተዋል። ፓዲላም በ2020 ዐረፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከእነዚያ ዜማዎች አብዛኞቹን የደረሱት ሌሎች ሰዎች፣ በሌሎች አገሮች ነው። የፓዲላ ዋና ሥራ መምረጥ፣ በተራ ማሰለፍና በአንድ ቦታ ስም መጥራት ነበር። ሆኖም ያ ሥራ ባይሠራ ኖሮ የዚያች ደሴት ምሽት ከደሴቲቱ ባልወጣ ነበር። ስለዚህ መሰብሰብ ራሱ ከመድረስ ቀጥሎ የሚቈጠር ሙያ ነው እንላለን።

ይህ ሙያ ደግሞ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ሐይቅ ውስጥ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ደሴት ነበረ። በ1248 ገደማ አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ተምረውና መንኵሰው ወደዚህ ስፍራ መጡ። ገዳሙንም በሥርዐት አደራጅተው ብዙ ደቀ መዛሙርት አፈሩ፤ ከእነዚህም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በ1270 ይኵኖ አምላክ ከነገሠ በኋላ የሐይቅ ገዳም አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት በሚል ማዕርግ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ጋር የሚቈጠር ሆነ።

ነገር ግን ለዛሬው ርእሳችን የሚበልጠው ማዕርጉ አይደለም። በ1280 ገደማ የተጻፈውና በኢየሱስ ሞዐ ስም የሚጠራው የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በመጽሐፉ ውስጥ የአባታችን ሥዕል አለበት፤ ከወንጌሉም ጋር የገዳሙ ንብረትና ስጦታ ተመዝግቦበታል። እነዚያ መነኮሳት የሰበሰቡትን ከማኖር አልፈው ምን እንዳላቸውና ከማን እንደ ተቀበሉት ጽፈው አለፉ። ሰባት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ስለ እነርሱ በእርግጥ ለመናገር የምንችለው ጽፈው ስላለፉ ነው።

በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ሐይቅ አይቶ ጽፏል። በውሃው ውስጥ ጉማሬ እንደ ነበረ፣ መነኮሳቱም ከደንገል በተሠራና በትልልቅ ቅሎች በተደገፈ ታንኳ ወደ ደሴቱ ይመላለሱ እንደ ነበር ይተርካል። ዛሬ ወደ ስፍራው የሚሄድ ሰው ታንኳ አያስፈልገውም፤ ውሃው ስለ ሸሸ ደሴቱ ከየብስ ጋር ተያይዞ ባሕረ ገብ መሬት ሆኗል። የቦታ መልክ እንኳ በዘመን ብዛት ይለወጣል፤ ተጽፎ የተቀመጠው ግን ለትውልድ ይተላለፋል።

ከሐይቅ ባሻገር በስተ ሰሜን የአምባሰል ተራራማ አገር ይነሣል። ይህ አገር በ1889 የውጫሌ ውል የተፈረመበት ውጫሌ የሚገኝበት፣ የጥንት ገዢዎቹም ጃንጥራር በሚል ማዕርግ ይጠሩበት የነበረ ነው። በታሪክ መጻሕፍት ስሙ በውል ምክንያት ቢነሣም በሕዝብ ጆሮ ግን ይበልጥ የሚታወቀው በዜማ ነው። የአገራችን ዘፈን ከሚቃኝባቸው ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለት ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ በወሎ ምድር ባሉ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ናቸው።

የአምባሰል ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት። ከዶ ብንነሣ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶልና ዝቅ ያለ ላ ይሆናሉ። ከመጀመሪያው ድምፅ ወደ ሁለተኛው ያለው እርምጃ ግማሽ ድምፅ ብቻ ሲሆን ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ያለው ግን ሁለት ሙሉ ድምፅ ነው። ዘፋኙ አንድ ጊዜ በጠባቡ እየተጠጋ፣ አንድ ጊዜ በሰፊው እየዘለለ ስለሚሄድ ሰሚው በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ሐዘንና ናፍቆት አብረው ይመጡበታል። በዘመናችን ማሪቱ ለገሰ ይህን የወሎ ዜማ ለሰፊው ሕዝብ ካሰሙት አንዷ ናቸው። ከእርሳቸው በፊት ግን በማሲንቆና በክራር ሲያዜሙት የኖሩት ሰዎች ስም በአብዛኛው አልተጻፈም። የተራራው ስም ሲቀር የዘፋኞቹ ስም ጠፋ።

በዚሁ በአምባሰል ግሸን የተባለው አምባ አለ። ይህ አምባ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች በጥበቃ የሚቀመጡበት ነበር፤ በየዓመቱም መስከረም 21 ቀን ብዙ ምእመናን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ይወጣሉ። በ1940ዎቹ ወደዚህ አምባ ከወጡት መካከል አንዲት የአዲስ አበባ ወጣት ነበሩ። እኒህም በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የተባሉት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው።

እማሆይ በ1923 ተወልደው በዓለም ስማቸው የውብዳር ይባሉ ነበር። በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊስ አገር ተልከው በዚያ ከሙዚቃ ጋር ተዋወቁ። በጠላት ወረራ ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋር ተግዘው በኢጣልያ ግዛት በአሲናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በካይሮ አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ከተባለ የፖላንድ ተወላጅ መምህር ዘንድ ተማሩ። ቀጥሎም ወደ ሎንዶን ሄደው ሙዚቃ ለማጥናት ያገኙት ዕድል ፈቃድ በማጣት ተቋረጠ። ከዚህም የተነሣ ልባቸው ተሰብሮ ወደ ግሸን ወጡ፤ መንኵሰውም አሥር ዓመት ያህል በዚያ ኖሩ። ስለዚያ ዘመን ሲናገሩ ጫማም ሙዚቃም እንዳልነበረ፣ ጸሎት ብቻ እንደ ነበረ ያስታውሱ ነበር።

ከዚያ ወርደው እንደገና ወደ ፒያኖ ሲመለሱ ያወጡት ዜማ ቀድሞ ከተማሩት የአውሮፓ ሙዚቃ የተለየ ሆነ። በጎንደርም የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ፤ በዚያ የቆሎ ተማሪዎችን ችግር ስላዩ ከሸክላ ሽያጭ የሚገኘውን ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ለማዋል አሰቡ። የመጀመሪያ ሸክላቸውም በ1960ዎቹ በጀርመን አገር ወጣ። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በዚያ በኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ። በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

አንባቢ ሆይ፤ የእማሆይ ዜማ በአምባሰል ቅኝት የተደረሰ ነው ማለታችን እንዳልሆነ ይረዱልን። የምንለው ግን ያ ዜማ የአሥር ዓመት ዝምታ ያለፈበት ነው፤ ዝምታውም የአምባሰል ተራራ ዝምታ ነው።

አሁን ወደ ሰብሳቢዎቹ እንመለስ። በ1948 በወጣው ትእዛዝ ሸክላ የማስቀረጽና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባሉት ወጣት ነጋዴ በድፍረት ተነሥተው በራሳቸው ስም ሸክላ ማሳተም ጀመሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም የዘመኑን ዘፋኞች ድምፅ ከመጥፋት አዳኑ። ኋላ ዘመኑ ሲለወጥ አምሃ ከአገር ወጡ፤ ሸክላዎቹም ከገበያ ጠፉ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ እነዚያን ሸክላዎች እያፈላለገ ከ1997 አንሥቶ በፓሪስ ኢትዮፒክስ በተባለ ተከታታይ ስብስብ እንደገና አሳተማቸው።

የዚህ ስብስብ 21ኛው ክፍል በ2006 የወጣ ሲሆን የእማሆይ ጽጌ ማርያም የፒያኖ ዜማዎች ብቻ ያሉበት ነው። በልዩ ልዩ ዘመን ከተቀረጹት ሥራዎቻቸው 16ቱ ተመርጠው ገብተዋል። ከእነዚህ ውስጥ የአንዱ ርእስ «የባሕር መዝሙር»፣ የሌላው «የምሽት ነፋስ» የሚል ትርጉም አለው። አንዱ ዜማ ደግሞ በዓባይ ስም ይጠራል። ከዚያ በፊት ስማቸውን ጥቂት ሰዎች ብቻ ያውቁት የነበሩት መነኵሲት በዚህ ስብስብ ምክንያት በዓለም ታወቁ። በብዙ አገር የሚኖር ሰው ከሥራ ተመልሶ ጀንበር ስትጠልቅ የሚያዳምጠው ሆነ፤ እንደ ኢቢዛው ቡና ቤት ዜማ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት መዘንጋት አይገባም። የኢቢዛው ዜማ ዕረፍት ለሚፈልግ ሰው ታስቦ የተመረጠ ነው። የእማሆይ ዜማ ግን የግዞት፣ የተከለከለ ትምህርት፣ የባዶ እግርና የስደት ፍሬ ነው። ሰሚው ይህን ሳያውቅ በዜማው ሊያርፍ ይችላል፤ ዐርፎም ያመሰግናል። ነገር ግን ቦታው፣ ዘመኑና የሰውየው ታሪክ ከዜማው ጋር ካልተጻፈ ዜማው ባለቤት እንደሌለው ገንዘብ ይሆናል። የአምባሰል ዘፋኞች ስም የጠፋው በዚህ መንገድ ነበር።

አንዳንድ ሰዎች የእኛን ሀብት የውጭ ሰው ሰብስቦ አሳተመው ብለው ያዝናሉ። ሐዘኑ መሠረት የለውም አንልም፤ ነገር ግን ቅሬታው ከመሰማቱ በፊት እኛ ምን ሠርተናል ብሎ መጠየቅ ይገባል። እማሆይ ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ በገዛ ድምፃቸው እየዘመሩ በተራ ካሴት የቀረጿቸው መዝሙሮች ታትመው የወጡት በ2024፣ ከዕረፍታቸው በኋላ ነው። ካሴት በእርጥበት ይበላሻል፤ በአቧራም ይደመሰሳል። እነዚያ የተረፉት ራሳቸው ባለቤቲቱ ስለ ጠበቋቸው ነው። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ጠባቂ አጥተው ያለፉ ብዙዎች እንደሚኖሩ ማሰብ አያስቸግርም።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑት አንባቢያችን ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቁታል። ቀን ያልተጻፈበት፣ ፊርማ ያልሰፈረበት፣ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ደብዳቤ ወደ መዝገብ ቤት ቢገባ ከሌላው ወረቀት ጋር ተከማችቶ ይቀራል፤ የሚጠቅም ቃል ቢኖርበት እንኳ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ዜማም እንዲሁ ነው። የሐይቅ መነኮሳት በወንጌላቸው ላይ ስጦታውንና ንብረቱን የመዘገቡት በኋላ የሚመጣ ሰው እንዲያውቀው ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ ማታ ወደ ቤትዎ ሲገቡ ምናልባት አሮጌ ሸክላ ወይም ካሴት በሣጥን ውስጥ ያገኙ ይሆናል። ምናልባትም እናትዎ ወይም አያትዎ ቡና እያፈሉ የሚያንጐራጕሩት፣ ከየት እንደ ተማሩት ግን ጠይቀዋቸው የማያውቁት ዜማ ይኖር ይሆናል። ጀንበር ሳትጠልቅ ይጠይቋቸው። የሚያዜመውን ሰው ስም፣ ዜማው የመጣበትን አገርና ዓመቱን በአንዲት ወረቀት ጽፈው ከሸክላው ጋር ያኑሩ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከአንድ ሲኒ ቡና የበለጠ ጊዜም አይወስድም። ለሚመጣው ትውልድ ግን ዜማውን ከነባለቤቱ ያስተላልፋል።